ቴክሳስ ሳንደርስ ተሰባበርን

እሁድ

መጥበሻዬ ተጣመመ። የፍቅሬ ሁለት ጥርሶች ከፍሪጁ ሥር ተገኙ። አንዱን እኔ አነሳሁት፣ ሌላውን የጎረቤት ድመት ስትጫወትበት ነጠቅኳት። የወለቀ ጥርስ ወተት ውስጥ ይቀመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ቤት ያለው የአጃ ወተት ብቻ ነው። እሱ ውስጥ ጨመርኳቸው። ጥርስ ላምና አጃ ይለያል እንዴ።

ጣቴን ዘይት ስለነካው ስልኩ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ይዘልብኛል። ቢሆንም በተራ ልጻፈው።

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንኖረው። ደረጀ የጎንደር ልጅ ነው። የቤት ዕቃ ሲያጓጉዝ ይውላል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብቻውን አራተኛ ፎቅ ያወጣል። ፍቅሬ የመርካቶ ልጅ ነው። ፒኜቶ ሰፈር ፒዛ ይጋግራል፣ ምላሱ ከምድጃው ይብሳል። እኔ ቢኒ ነኝ። አውቶላቫጆ ውስጥ መኪና አጥባለሁ፣ በትርፍ ሰዓቴ እነሱን አበግናለሁ። ትምህርት መሃል ላይ ጥሎኝ ሄደ እንጂ እኔ አልጣልኩትም።

ነሐሴ ላይ ሦስታችንም ፌሪዬ አለን፣ ፈቃድ ማለቴ ነው። የምንሄደው ቴክሳስ ነው። የጋበዘን የደረጀ ታላቅ ወንድም አስቻለው ነው፣ ሂውስተን ይኖራል። ካርታውን አሳትሜ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቴክሳስ ማለት ሁለት ጣልያን ጎን ለጎን አስተኝተህ እግር የምትዘረጋበት ቦታ ሲተርፍህ ነው። በምሥራቅ የጥድ ጫካ፣ በደቡብ ባሕር፣ በሰሜን ገደል፣ በምዕራብ በረሃና ተራራ። ሁሉም ነገር ስላለ ነው የምንጣላው።

ደረጀ የሚፈልገው፦ ሂውስተን። የወንድሙ ሳሎን። ሶፋ። ሌላ ምንም።

ፍቅሬ የሚፈልገው፦ መኪና ተከራይቶ ወደ ምዕራብ መንዳት፣ ከሮም ቪየና እንደመሄድ ያለ መንገድ፣ መብራት የሌለበት በረሃ ላይ በጀርባው ተኝቶ ኮከብ ማየት።

እኔ የምፈልገው፦ ባሕር። ከዚያ በሬ ሰው ከጀርባው ላይ ሲያሽቀነጥር ማየት።

የቀረን የደረጀ ቪዛ ብቻ ነው። እኔ የጣልያን ፓስፖርት አለኝ፣ ፍቅሬ ቪዛውን ይዟል፣ የደረጀ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ዓርብ ነው። አስቻለውን ሱዳን ከተለያዩ ወዲህ አላየውም። ሊቢያ የሚሻገረው መኪና ላይ የአንድ ሰው ቦታ ነበር የቀረው። ደረጀ ወጣ፣ አስቻለው ቀረ። አሜሪካ በኋላ የወሰደችው የቀረውን ነው። ደረጀ ይሄን የሚያወራው ጠጥቶ ነው፣ ያውም ግድግዳ እያየ።

አሎራ፣ እንግዲህ ዛሬ። ፍቅሬ ከምሳ ሥራ ገባ። ደረጀ ሽንኩርት እየጠበሰ ነበር። ሰላምታ የለም። ፍቅሬ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ወንድሙን በረሃ ጥሎ የመጣ ሰው ስለ ሌላ ሰው ያወራል እንዴ፣ አለው።

 ደረጀ መጥበሻውን ከነሽንኩርቱ አነሳው። ፍቅሬ ሊከላከል እጁን ሲያነሳ የእጁ አንጓ ላይ አረፈ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ነገር ተሰማ። ሁለተኛው አፉ ላይ። ዘይቱ ካርታው ላይ ተረጨ፣ የምሥራቁ ጫካ በሙሉ ጠፋ። የጋለ ሽንኩርት ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ደረጀ ጀርባ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ እሱ ግን ካፖርት እንደሚያወልቅ አወለቀኝ። ፍቅሬ ወድቆም አልተወም፣ ቁርጭምጭሚቱን ነከሰው። በቀሩት ጥርሶች።

አሁን የማይጻፈውን ልጻፍ። ፍቅሬ ለምን እንደዚያ እንዳለ አውቃለሁ።

ጠዋት አስቻለው ነኝ ብዬ የደወልኩለት እኔ ነኝ። አስቻለው እሁድ እሁድ ሲደውል ደረጀ የስልኩን ድምፅ ለቆ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ የአስቻለውን ድምፅ በቃሌ አውቀዋለሁ። አፍንጫው ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ከየሁለት ቃሉ አንዱ ‘ዩ ኖው’ ነው። የአሜሪካ ቁጥር የሚያሳይ አፕ አለ። ‘ፍቅሬ ብራዘር፣ ደረጀ ስለ አንተ ነግሮኛል፣ እጁ አያርፍም፣ ሌባ ነው ብሎኛል፣ ዩ ኖው። ቤቴ ልጆች አሉ። አንተ ሆቴል ብትፈልግ ይሻላል። እንደነገርኩህ እንዳትነግረው።’

ማታ ቀልድ ነው ብዬ ልነግረው ነበር። ባለፈው ሳምንት ቴክሳስ መኪና የሚከራየው ባርኔጣ ያለው ሰው ብቻ ነው ብዬው ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ሄዶ ሰፊ ባርኔጣ ገዝቶ መጣ። ያኔ ስቀናል። እኔና ደረጀ ማለቴ ነው።

ሰኞ

ትናንት ፍቅሬን ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። አውቶብሱ ውስጥ አንዲት አሮጊት መሐረብ ሰጠችው፣ ሞላው፣ ሌላ ጨመረችለት። የአጃ ወተቱን በጠርሙስ ይዣለሁ። አንድ ሕፃን ምንድነው አለኝ፣ ጥርስ ነው አልኩት፣ ለእናቱ ነገራት፣ እናቱ ቦታ ቀየረች።

ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ፣ ነርሷ ምን ሆነህ ነው አለችው። ፍቅሬ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ከደረጃ ወደቅኩ አላት። ሐኪሙም ጠየቀው። ደረጃ አለ። ሐኪሙ ግንባሩ ላይ የተጣበቀውን ሽንኩርት በመቆንጠጫ አንስቶ ሳህን ላይ አስቀመጠው። ጥርሶቹን ሲያይ ግን ራሱን ነቀነቀ። አይመለሱም።

ለምን ዋሸህለት አልኩት። ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ፍቅሬ እንዲህ አለኝ፦ አልዋሸሁለትም። ሐሙስ ከሰዓት ነው የምከሰው። እስከዚያ ሸሚዙን ይተኩስ፣ ጫማውን ይጥረግ፣ ለወንድሙ መጣሁልህ ይበል። ዓርብ ሊገባ ሐሙስ ካራቢኔሪ ፖሊስ ጋ ሄጄ የክስ ዴኑንቻ አስገባለታለሁ። እስኪ በክስ ቪዛ ይስጡት።

ይሄንን ሲል ከአፉ ነፋስ ይወጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ወር የምስቅበት ነገር ነው።

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። መጀመሪያ እንደመጡ ካምፕ ውስጥ የአንድ ሰው ስልክ ጠፋ። ፍቅሬ ነው አሉ። መታጠቢያ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው፣ በቧንቧ ዱላ ደበደቡት። ጀርባውን አሳየኝ፣ ጠባሳው እስካሁን ተላልፎ ይታያል። በሩን በትከሻው ሰብሮ የገባው፣ ይሄ ልጅ ሌባ አይደለም ብሎ ላዩ ላይ ተኝቶ የተመታለት ደረጀ ነው። አሁን ማን ነው ሌባ ያለኝ አለ ፍቅሬ። እሱ። ከሰው ሁሉ እሱ።

ይሄን አላውቅም ነበር። በማርያም። ከስድብ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው አንዱን ያነሳሁት። ሰካራም ልለው አስቤ ነበር፣ ሰካራም ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ ነበርን።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት አጥንቱን ሊመልሱ እጁን ጎተቱት፣ እንደ ከብት ጮኸ። አፌን ዘጋሁ።

ቤት ስመለስ ደረጀ ግድግዳውን እያጠበ ነው። ሞተ ወይ አለኝ። አልሞተም አልኩት። ጥሩ አለ። ሐሙስ ሊከስህ ነው አልኩት። ከዚያ በቡጢው የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሁለት ቦታ ሰበረው፣ እጁን በፎጣ ጠቀለለ፣ ቁጭ ብሎ የዓርብ ሸሚዙን ተኮሰ። ሸሚዙ ላይ ደም ነካ። እንደገና አጠበው።

ለአስቻለው አልደወለም። ሰኞ ሰኞም ይደውልለት ነበር።

ማክሰኞ

በግራ ዓይኔ ብቻ ነው የምጽፈው። ቀኙ ተዘግቷል።

ፍቅሬ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት አልመጣም። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ የመርካቶ ልጆች ጋ አደረ። ዛሬ ከነሱ ሦስቱን ላካቸው። ወይም አልላካቸውም፣ የእጁን ጄሶ አይተው ራሳቸው ተነሱ። ስማቸውን አላውቅም፣ ረጅሙ፣ ባለቀበቶውና ዝምተኛው ልበላቸው። ዝምተኛው ነው ዓይኔን የዘጋው።

ከደረጀ ጋር ካዚሊና መንገድ ላይ ከሥራ እየተመለስን ነበር። ስልኬ ላይ የሚከራይ መኪና እያሳየሁት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ከኋላው ፍራሽ ይዘረጋል። ሊያይ አልፈለገም። ፌርማታው ላይ ሦስቱ ቆመዋል። ረጅሙ የጎንደሩ ጀግና አንተ ነህ አለው። ደረጀ ቦርሳውን ለኔ ሰጠኝ። ቦርሳ ሲሰጠኝ ነገሩ እንዳለቀ አወቅኩ።

መጀመሪያ ቀበቶው መጣ፣ የብረቱ ጫፍ ቅንድቡን ከፈተው። ደረጀ ቀበቶውን በእጁ ጠቅልሎ ልጁን እንደ ፍየል ሳበው፣ በግንባሩ አፍንጫውን መታው። አፍንጫው ቦታ ቀየረ። ዝምተኛው ከኋላ ኩላሊቱን ይመታዋል። እኔ በቦርሳው መታሁት፣ ቦርሳው ውስጥ የምሳ ሳህን ነበር። ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ እንኳ የለም። አንዴ ነው የመታኝ።

ወድቄ ያየሁት ይሄ ነው፦ ባንግላዴሹ አትክልት ሻጭ ሐብሐብ እየወረወረ ነው። ለማን እንደሚያግዝ አልገባኝም፣ ለሁላችንም ይወረውራል። አንዱ ዝምተኛውን ጭንቅላቱ ላይ አገኘው፣ ተቀመጠ። ቀዩ ሁሉ ደም መሰለኝ፣ ጮህኩ፣ ቀመስኩት፣ ጣፋጭ ነው።

ከዚያ ደረጀ ረጅሙን አንገቱን ይዞ መንገዱ ዳር ያለው ሐዲድ ላይ አስተኛው። ጉንጩን ብረቱ ላይ ተጭኖታል። ትንሿ ባቡር ከማዶ እየደወለች ትመጣለች። ረጅሙ እግሩን ያንፈራግጣል። ደረጀ አይሰማም፣ ፊቱ ሰው አይመስልም። ሰው ሁሉ በጣልያንኛ ይጮሃል። እኔ ተንፏቅቄ ጆሮው ሥር ሄድኩና፣ ደርዬ፣ ቴክሳስ፣ አልኩት። ሌላ የምለው አላገኘሁም።

ባቡሯን አየ። ረጅሙን ራሱ አነሳው፣ ወደ እግረኛው መንገድ ወረወረው። ባቡሯ አለፈች። ነጂው የሰደበን ስድብ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጽፌ የማስቀምጠው ነበር።

ፖሊስ ሳይመጣ ተበተንን። ቤት ገብቼ የደረጀን ቅንድብ በፕላስተር ሰበሰብኩለት። ሐኪም ቤት ሂድ ብለው አልሰማኝም፣ ይጠይቁኛል አለ። ዓርብ በዚህ ፊት ልግባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቴክሳስ ናት፣ እንዲያውም ይወዱታል አልኩት። አልሳቀም። እጄን ይዞ፣ ወንድሜን ሳላየው ብቀር ፍቅሬን እገድለዋለሁ፣ አለኝ። የሚቀልድ ሰው ድምፅ አውቃለሁ። ይሄ አይደለም።

ረቡዕ

ፍቅሬ ከሦስታችን የዋትሳፕ ግሩፕ ወጣ። ግሩፑ ስሙ ‘ቴክሳስ’ ነው። አሁን ውስጡ ያለነው እኔና ዝም የሚለው ደረጀ ነን።

ሲነጋ አሰብኩ። ነገሩን ያበላሸው አስቻለው ነው፣ ስለዚህ የሚያስተካክለውም አስቻለው ነው። ማለት የኔው አስቻለው። እውነቱን ከምናገር ይሄ ቀለለኝ። እውነቱን ብናገር አንዱ ያንቀኛል፣ ሌላው በጄሶ ይጨርሰኛል።

በምሳ ሰዓት አውቶላቫጆ የሳሙና መጋዘን ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አፕ ከፈትኩ። ዓይኔ ቢያብጥም አፍንጫዬ ይሠራል።

‘ፍቅሬ ብራዘር። አስቻለው ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ ዩ ኖው። ደረጀ ስለ አንተ ክፉ ቃል አልተናገረም። ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። ቤቴ ቤትህ ነው፣ ትልቁን አልጋ ለአንተ አድርጌዋለሁ።’

 የፍቅሬ ትንፋሽ በጥርሱ ቀዳዳ ያፏጫል። ሌላው ሰው ማነው አለኝ በመጨረሻ። እሱማ፣ ዩ ኖው፣ ብዬ እያሰብኩ ሳለ አለቃዬ ማውሮ በሩን በእግሩ መታው። አለቃዬ ሮማዊ ነው፣ ሲናገር ኮሎሴዎ ድረስ ይሰማል። ቢኒ፣ የት ሄድክ፣ ፓንዳዋ ትጠብቅሃለች፣ አለ።

 ከዚያ ፍቅሬ ቀስ ብሎ፣ ሂውስተንም ፊያት ፓንዳ ያጥባሉ እንዴ፣ አለኝ።

ዘጋሁት። ስልኩን የሳሙና ባልዲ ውስጥ ልከተው አሰብኩ። ፓንዳዋን አጠብኩ። መስታወቷን ሁለቴ አጠብኩት፣ ሦስተኛ ልጀምር ስል ባለቤቷ በቃ አለችኝ። መንገዱን በግራ ዓይኔ እየጠበቅኩ ነው የዋልኩት። ማንም አልመጣም። ይሄ የባሰ ነው። ሊመታህ የሚመጣ ሰው መሮጥ ያስችልሃል።

ማምሻ ላይ ፍቅሬ መልእክት ላከልኝ። ነገ ከሥራ በኋላ ጋሽ ተካ ቤት። ደረጀንም ጠርተውታል። ድንጋይ ይዘህ ና።

ጋሽ ተካን ሮም ውስጥ የማያውቅ አበሻ የለም። በዱሮ ጊዜ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ፒኜቶ ምድር ቤት ይኖራሉ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። ድንጋይ ይዘህ ና ቢባል ጣልያን ለጠብ የተጠራ ይመስለዋል። በእኛ ጥፋተኛ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ እግር ሥር ይደፋል፣ የተበደለው ይቅር እስኪለው ድንጋዩ አይወርድም። ልጅ ሆኜ አንድ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ። ያኔ ድንጋዩ ላይ ልቀመጥ ሄጄ በጥፊ ተመልሻለሁ።

ፍቅሬ ለደረጀ አልነገረውም። ለምን እንዳልነገረው ገብቶኛል። በራሴ አፍ እንድናገር ፈልጎ ነው። ደረጀ ድንጋይ ተሸካሚው እሱ ይመስለዋል፣ ስለ መጥበሻው። ዛሬ ራት አልበላም። ተሸክሜም ቢሆን ፍቅሬ ላይከስ ይችላል ወይ አለኝ። ይችላል አልኩት። በሽንት ቤት አሳብቤ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ስስቅ የጎን አጥንቴ ያመኛል። ስለዚህ ሳልስቅ ልጽፈው ነው።

ሮም ውስጥ ድንጋይ ሞልቷል፣ ሁሉም የሚጎበኝ ነው። ፒኜቶ መንገድ እየቆፈሩ ስለነበር አንድ ጥቁር የመንገድ ድንጋይ አነሳሁ፣ አራት ማዕዘን፣ በእጅ የሚያዝ። ጋሽ ተካ በሩ ላይ አይተውት፣ ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ ሳሙና አሉኝ። አንገት የማያጎብጥ ድንጋይ ለጨዋታ ነው፣ ሂድ ሌላ አምጣ። እሺ ጋሼ አልኩ። ሌላ ከየት። ጥጉ ላይ ካለው ባር የጃንጥላ መቆሚያ ሲሚንቶ ለምኜ ተዋስኩ። ለምንድነው አለኝ ባለቤቱ፣ ለጸሎት ነው አልኩት። አንገቴ ላይ አደረግኩት። መሃሉ ላይ የጃንጥላው ቀዳዳ አለ፣ ፀጉሬ በዚያ ወጣ። ጋሽ ተካ በዱላቸው አንኳኩተው ግባ አሉኝ።

ፍቅሬ ወንበር ላይ ነው፣ ጄሶው ጭኑ ላይ። ደረጀ ቆሟል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እኔን ሲያይ ግራ ገባው። ይሄ ልጅ ዛሬም ይቀልዳል እንዴ አለ።

ተደፋሁ። ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ። ለፍቅሬ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ አስቻለው ምንም አያውቅም፣ አንተም ሌባ አላልከውም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ደረጀ ቶሎ አልገባውም። በማን ድምፅ አለ። በአስቻለው አልኩ። አድርገው አለኝ። ደርዬ ተወው አልኩት። አድርገው፣ ልስማው፣ አለ።

አደረግኩት። አንገቴ ሥር ሲሚንቶ፣ አፌ ወለል ላይ፣ በአፍንጫዬ፣ ‘ደርዬ ብራዘር’ አልኩ። ከዚያ በላይ አላስጨረሰኝም።

የመጀመሪያው ርግጫ ጎኔን አገኘው። ሲሚንቶው ወርዶ የጋሽ ተካን ወለል ሰነጠቀው። ደረጀ አንስቶ ግድግዳ ላይ መታኝ፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ወደቀ። ስድብ የለም፣ ዝም ብሎ ነው የሚመታው፣ ማሽን ደረጃ እንደሚያወጣ። ፍቅሬም ተነሳ። ሊያስጥለኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁለት። በጄሶው አገጬን ሰጠኝ። ጄሶውም ተሰነጠቀ። ከዚያ ሁለቱም ተራ በተራ፣ አንዱ ሲደክመው አንዱ። በመሃል አንዴ ደረጀ ፍቅሬን፣ እጅህን ተጠንቀቅ፣ ሲለው ሰማሁ።

ጋሽ ተካ ዱላቸውን አነሱ። ሽማግሌ ፊት፣ የመልአክ ሥዕል ፊት፣ አሉ። ለደረጀ ትከሻው ላይ፣ ለፍቅሬ ቂጡ ላይ፣ ለኔ ቦታ አጥተው ጫማዬን መቱት። ሁላችንም ተቀመጥን። ደማችን ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ድንጋዩ ወደ አንገትህ ይመለስ አሉኝ። መለስኩት።

ከዚያ ደረጀ ፍቅሬ ፊት ተንበርክኮ የተሰነጠቀውን ጄሶ ሳመው። ፍቅሬ አለቀሰ። ስለ ወንድምህ ያልኩት ከመጥበሻው ይከፋል አለው። ጋሽ ተካ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ አሏቸው። ተባባሉ። ክስ የለም፣ ተስማማን አለ ፍቅሬ። ፊቴ ወለል ላይ ስለሆነ የደረጀን ፊት አላየሁም፣ ግን ሲተነፍስ ሰማሁት፣ ከእሁድ ጀምሮ ያመቀው ትንፋሽ ነው።

ካርታውን ደረጀ ኪሱ ውስጥ አጥፎ ይዞት መጥቷል፣ ዘይቱ ሳይቀር። ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። በረዶ አፋቸው ላይ ይዘው መንገድ ያወጡ ጀመር። መጀመሪያ ሂውስተን ከአስቻለው ጋር፣ ከዚያ አስቻለውንም ይዘው ወደ ምዕራብ። ኮከቡን አራታችንም እናያለን አለ ፍቅሬ። አስቻለውን ጨምሮ አራት ማለቱ ነው፣ ስለዚህ እኔ አለሁበት ብዬ ደስ አለኝ። ጋሽ ተካ፣ በነሐሴ በረሃ፣ ምን ነካችሁ፣ አንጎላችሁ ይቀልጣል፣ በማለዳ ንዱ፣ ውኃ ያዙ አሉ። ከሲሚንቶው ሥር፣ ባሕሩ ቢቀድም ነፋሻ ነው፣ አልኩ። ደረጀ በእግሩ ጫፍ አገጬን ወደ ወለሉ መለሰው።

ፍቅሬ ይቅር ብዬሃለሁ ውሪ አለኝ፣ ጥርሴን ግን ታስተክላለህ።  ጋሽ ተካ ደረጀን ሦስቴ ጠየቁት። ጋሼ ያክብርዎት፣ አሁን አልችልም አለ። የወንድሜን ድምፅ ለብሶ ነው የዋሸው።

ጋሽ ተካ ሲሚንቶውን ራሳቸው አወረዱልኝ። አንገቱ ይቀነጠስና ሌላ ጣጣ ይመጣል አሉ። ይቅርታው ይቆይ፣ ድንጋዩ ይውረድ።

ዓርብ

ደረጀ ሳያናግረኝ ወጣ። ተከተልኩት፣ በሌላኛው የባቡር በር። ፕላስተሩን ቀይሯል፣ ሸሚዙ ነጭ ነው፣ አንገቱ ሥር የጋሽ ተካ ዱላ ሰንበር ይታያል።

ኤምባሲው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ቆምኩ። ወታደሩ ፊቴን አይቶ ወረቀት ጠየቀኝ። ምን ሆነህ ነው አለኝ። የዕረፍት ጉዞ እያቀድን ነው አልኩት። እውነቴን ነው። ራቅ ብለህ ቁም አለኝ።

ረጅም ሰዓት ቆየ። ከእሱ በኋላ የገቡ ወጡ። አንዲት ሴት እያለቀሰች ወጣች፣ ፓስፖርቷ እጇ ላይ ነው። ፓስፖርት ከመለሱልህ አልተሳካም፣ ካስቀሩት ቪዛ ሊለጥፉበት ነው፣ ይሄን ከፍቅሬ ጊዜ እናውቃለን። ስለዚህ እጅ እጅ ነው የማየው። እግዜር ሆይ ባዶ እጅ አልኩ። ጸሎት አላበዛም፣ ያለኝን በሙሉ እዚያ ጨረስኩት።

ወጣ። ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

ወደ አውቶብስ ፌርማታው ሄደ። በሌላው ጫፍ ቆምኩ። ያየኛል፣ አያየኝም። ደረጀ አልኩት።  ምን አሉህ አልኩት። ቅንድቤን ጠየቁኝ አለ ወደ መንገዱ እያየ። ምን አልካቸው። ዕቃ ስጭን ነው አልኳቸው። ከዚያስ።

ከዚያስ ብሎ እጁን አወጣ። ባዶ ነው። ስልኩን ከሌላኛው ኪስ አውጥቶ ደወለ፣ እንደ እሁድ የስልኩን ድምፅ ለቀቀው። ሆን ብሎ ይሁን ልማድ ሆኖበት አላውቅም። ሂውስተን ገና ጎሕ አልቀደደም፣ አስቻለው ከእንቅልፉ ነው የተነሳው። ደርዬ፣ ሰላም ነህ ወይ፣ አለ። ድምፁ እኔ ከምሠራው ይቀጥናል። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ስሠራው ያቺን መንቀጥቀጥ አስገብቻት አላውቅም።

ሰጡኝ አለው ደረጀ።  አስቻለው ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ዞር ብዬ የአውቶብስ ሰሌዳ አነበብኩ፣ በአንድ ዓይን።

አስቻለው አፍንጫውን ጠርጎ፣ በል ስንት ፍራሽ ላዘጋጅ፣ ዩ ኖው፣ ስንት ናችሁ አለ። እኔና ፍቅሬ ነን አለ ደረጀ። ያ ቀልደኛው ልጅስ፣ እሁድ እሁድ ከኋላ የሚጮኸው፣ እሱን ነበር በዓይኔ ላየው የምፈልገው፣ አለ አስቻለው።

ደረጀ ዞሮ አየኝ። ያበጠውን ዓይኔን፣ አገጬን፣ በእጄ የያዝኩትን ጎኔን። ቆየ።

እሱ እየታየ ነው አለው።

ምን ማለት ነው አለ አስቻለው። ጉዳዩ እየታየ ነው አለና ዘጋው።

አውቶብሱ መጣ። በፊተኛው በር ገባ። እኔ በኋለኛው ገባሁ። ስንት ፌርማታ እንደሄድን እንጃ። አንድ ጊዜ ሰው ሲጠቀጠቅ ተገፍቼ አጠገቡ ደረስኩ፣ አልራቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይሄ ለኔ ቀላል አይደለም።